ጆርጄት ሄየርና የእንደራሴው ዘመን ልብ ወለድ

ልብ ወለድ ታሪክ ማንበብ ጊዜን ማባከን ነው የሚሉ ሰዎች በየዘመኑና በየአገሩ አሉ። በተለይም መጽሐፉ ስለ ፍቅርና ስለ ጋብቻ የሚናገር እንደ ሆነ፣ እነዚሁ ሰዎች ገጹን ሳይገልጡ ፍርዳቸውን ይሰጣሉ። እኛም ይህ አስተያየት ፈጽሞ መሠረት የለውም ብለን ለመከራከር አልተነሣንም፤ ጊዜን የሚያባክን መጽሐፍ በእውነት ብዙ ነውና። ነገር ግን አንድ የድርሰት ዓይነት ቀላል ነው ተብሎ ስለ ተናቀ፣ የደራሲው ድካም፣ ጥንቃቄና ለእውነት ያለው ታማኝነት አብሮ ሊናቅ ይገባዋልን? ይህን ጥያቄ ለመመርመር የሚረዳ መስሎ ስለ ታየን፣ የእንግሊዛዊቷን ደራሲ የጆርጄት ሄየርን የሕይወት ታሪክ ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ ለማቅረብ ወደድን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ስለ ደራሲዋ ከመናገራችን በፊት፣ በመጽሐፎቿ የገለጸችውን ዘመን ማወቅ ያስፈልጋል። የእንግሊዝ ንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ አእምሯቸው ታሞ መንግሥታቸውን ለመምራት በተሳናቸው ጊዜ፣ በ1811 ዓ.ም. በፓርላማው በወጣ ሕግ የበኵር ልጃቸው የዌልስ መስፍን እንደራሴ ሆኑ። አባትዬው በ1820 ዓ.ም. እስኪሞቱና እንደራሴው ጆርጅ ራብዓዊ ተብለው እስኪነግሡ ድረስ ያሉት ዘጠኝ ዓመታት «የእንደራሴው ዘመን» ተብለው ይጠራሉ። እንደራሴ የሚለው ማዕርግ ለኢትዮጵያ ታሪክ አንባቢ እንግዳ ስላልሆነ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

ይህ ዘመን አጭር ቢሆንም ብዙ ነገር የታየበት ነው። እንግሊዝ ከናፖሊዮን ጋር ስትዋጋ ቆይታ በ1815 ዓ.ም. በዋተርሎ ሜዳ ከተባባሪዎቿ ጋር ድል ያደረገችው በዚህ ጊዜ ነው። በአንድ ወገን ጦርነትና የኑሮ ውድነት ሕዝቡን ሲያስጨንቅ፣ በሌላው ወገን የሎንዶን መኳንንት በጭፈራ አዳራሽ፣ በፈረስ እሽቅድምድም፣ በቁማርና በአለባበስ ውድድር ተጠምደው ነበር። ሄንሪ ሳልት የተባለው እንግሊዛዊ ወደ አገራችን መጥቶ ከትግራዩ ገዥ ከራስ ወልደ ሥላሴ ጋር ስለ መገናኘቱ የሚተርከው መጽሐፍ በሎንዶን የታተመው በዚሁ ዘመን፣ በ1814 ዓ.ም. መሆኑን ስናስታውስ ጊዜው ይበልጥ ግልጽ ሆኖ ይታየናል።

በዚያው ዘመን ጄን ኦስተን የምትባል የአንድ የገጠር ቄስ ልጅ ስሟን ሳትገልጽ ልብ ወለድ ታሪኮችን ታሳትም ነበር። የመጀመሪያዋ መጽሐፍ በ1811 ዓ.ም. ሲወጣ በርእሱ ገጽ ላይ በደራሲው ስም ፈንታ የተጻፈው «በአንዲት እመቤት» የሚል ብቻ ነበር። እንደራሴው መስፍን ከአንባቢዎቿ አንዱ ስለ ነበሩ፣ «ኤማ» የተባለው መጽሐፏ ለእርሳቸው መታሰቢያ ሆኖ ወጣ። ጄን በ1817 ዓ.ም. በ41 ዓመቷ አረፈች። ስለ ጋብቻ፣ ስለ ገንዘብና ስለ ሰው ጠባይ በለሰለሰ ቀልድ የጻፈቻቸው መጻሕፍት ግን ከእርሷ በኋላ ለመጡ ብዙ ደራሲዎች ምንጭ ሆኑ። ከእነዚህም መካከል ጄንን አብልጣ ታደንቃት የነበረችው፣ ከመቶ ዓመት በኋላም ወደዚያው ዘመን ተመልሳ አዲስ የድርሰት መንገድ የከፈተችው ጆርጄት ሄየር ናት።

ጆርጄት በነሐሴ 16 ቀን 1902 ዓ.ም. በዚያን ጊዜ ከሎንዶን አጠገብ በነበረችው በዊምብልደን ተወለደች። ስሟም ከአባቷ ከጆርጅ ሄየር ስም የተወሰደ ነው። አባቷ መምህር የነበረና መጻሕፍትን የሚወድ ሰው ስለ ነበር፣ ልጁ የምትሻውን ሁሉ እንድታነብ ፈቀደላት። ቦሪስና ፍራንክ የሚባሉ ሁለት ታናናሽ ወንድሞች ነበሯት። ቦሪስ ደሙ ከፈሰሰ ቶሎ የማይረጋ ሕመም ነበረበትና፣ አሥራ ሰባት ዓመት ሲሆናት አልጋ ላይ የተኛውን ወንድሟን ለማጫወት አንድ ረጅም ታሪክ ፈጠረችለት። አባቷ ታሪኩን ሰምቶ ስለ ወደደው አስተካክላ እንድትጽፈው አበረታታት። እንዲህ ሆኖ «ጥቁሩ የእሳት ራት» የተባለው የመጀመሪያ መጽሐፏ በ1921 ዓ.ም. ታተመ። እንግዲህ ድርሰቷ የተጀመረው ዝናን ወይም ገንዘብን በመሻት ሳይሆን የታመመን ወንድም ለማጽናናት መሆኑን አንባቢው ልብ ይበልልን።

ሆኖም ይህ የደስታ ሥራ ብዙ ሳይቆይ የእንጀራ ሥራ ሆነ። በ1925 ዓ.ም. በሰኔ ወር አባቷ ቴኒስ ተጫውቶ እንደ ጨረሰ በልብ ሕመም በድንገት ሞተ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ሮናልድ ሩዥዬ የተባለውን የማዕድን መሐንዲስ አገባች፤ ወንድሞቿን የመርዳት ኃላፊነት ግን በእርሷ ላይ ወደቀ። በሚቀጥለው ዓመት «እነዚህ የቀድሞ ጥላዎች» የተባለው መጽሐፏ ወጥቶ በብዙ ሺህ ቅጂ ስለ ተሸጠ፣ በብዕሯ ቤተ ሰብ ልታስተዳድር እንደምትችል ተረዳች።

ባሏ በሥራው ምክንያት ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሲሄድ እርሷም በ1927 ዓ.ም. ተከትላው ዛሬ የታንዛንያ ክፍል ወደ ሆነችው ወደ ታንጋኒካ ሄደች። በዚያም በዱር መካከል በዝሆን ሣር በተሠራ ጎጆ ውስጥ ተቀምጣ ሳለ፣ በ1745 ዓ.ም. ገደማ ስለ ነበረው የእንግሊዝ አገር ሁኔታ የሚናገር ልብ ወለድ ጻፈች። በአቅራቢያዋ ቤተ መጻሕፍት አልነበረም፤ የማመሳከሪያ መጻሕፍቷም በሙሉ አብረዋት አልነበሩም። መጽሐፉ ከታተመ በኋላ የመረመሩት ሰዎች ግን ያገኙበት የዘመን ስሕተት አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም በሎንዶን የታወቀ አንድ የመኳንንት ክበብ የተከፈተበትን ጊዜ በአንድ ዓመት ማስቀደሟ ነው። ከዚያ በኋላ ባልና ሚስቱ ወደ መቄዶንያ ተሻገሩ፤ እዚያም ጥርሷን ለመታከም ሄዳ በተሰጣት ማደንዘዣ ምክንያት ለመሞት ተቃርባ ነበር። በ1929 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ ተመለሱ፤ በ1932 ዓ.ም. ሪቻርድ የተባለው አንድ ልጃቸው ተወለደ።

ባሏ የማዕድኑን ሥራ ትቶ በአንዲት የገጠር ከተማ የስፖርት ዕቃ መሸጫ ሱቅ ከፈተ፤ ቆይቶም የሕግ ትምህርት ተከታትሎ በ1939 ዓ.ም. ጠበቃ ሆነ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ የቤቱ ወጪ በአብዛኛው የሚሸፈነው ከእርሷ መጻሕፍት በሚገኘው ገንዘብ ነበር። ስለዚህ ለብዙ ጊዜ በየዓመቱ አንድ የፍቅር ታሪክና አንድ የወንጀል ምርመራ ታሪክ እያከታተለች ታሳትም ነበር።

ስለ እንደራሴው ዘመን የጻፈችው የመጀመሪያ ልብ ወለድ በ1935 ዓ.ም. ወጣ። በዚህም መጽሐፍ ውስጥ እንደራሴው መስፍን ራሳቸውና በአለባበሱ ዝነኛ የነበረው ቦ ብሩመል ከልብ ወለድ ሰዎች ጋር ተቀላቅለው ይታያሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ያወጣችው «የማይረባ ሠራዊት» የተባለው መጽሐፍ ደግሞ ስለ ዋተርሎ ጦርነት የሚናገር ነው። ርእሱ የተወሰደው የዌሊንግተን መስፍን ከጦርነቱ በፊት ስለ ሠራዊታቸው ከጻፉት ቃል ነው። መጽሐፉ ከጦርነቱ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ በብራስልስ ከተማ ከተደረገው የጭፈራ ግብዣ አንባቢውን አንሥቶ፣ መኰንኖቹ የጭፈራ ልብሳቸውን ሳይለውጡ ወደ ጦር ሜዳ እስከሄዱበት ሰዓትና እስከ ድሉ ፍጻሜ ያደርሰዋል። ጆርጄት በመስፍኑ አፍ ያደረገችው ንግግር ሁሉ መስፍኑ በእውነት የተናገሩት ወይም የጻፉት መሆኑን ታረጋግጥ ነበር። የአጻጻፋቸውን ስልት ለማጥናት ብላ እርሳቸው በእጃቸው የጻፉትን አንድ ደብዳቤ በገንዘቧ ገዝታ ነበር። ይህ መጽሐፍ በእንግሊዝ የጦር መኰንኖች ትምህርት ቤት ጦርነቱን ለማስረዳት ያገለግል እንደ ነበረ ተጽፏል።

አሁን ወደ አሠራሯ እንመለስ፤ የዚህች ሴት ምስጢር ያለው በዚያ ነውና። በሞተች ጊዜ በቤቷ ከ1,000 የሚበልጡ የታሪክ ማመሳከሪያ መጻሕፍት ተገኝተዋል። ከዚህም ሌላ በየርእሱ የከፈለቻቸው ማስታወሻዎች ነበሯት፤ ስለ ልብስ፣ ስለ ባርኔጣ፣ ስለ ቀለም ዓይነት፣ ስለ ቤት ዕቃ፣ ስለ ሱቆችና ስለ ዋጋ በየመልኩ ለይታ ትመዘግብ ነበር። በአንድ የተወሰነ ዓመት ሻማ ስንት ይሸጥ እንደ ነበረ እንኳ ሳይቀር ጽፋ አኑራለች። የመዝገብ ቤት ሥራ የሚያውቅ አንባቢ ይህ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ አይሰወረውም።

በዚህ ነገር እርሷ ከጄን ኦስተን ትለያለች። ጄን የጻፈችው ስለ ራሷ ጊዜና ስለ ጎረቤቶቿ ስለ ሆነ፣ ሠረገላው ምን ዓይነት እንደ ሆነ፣ ልብሱ እንዴት እንደ ተሰፋ ለመግለጽ እምብዛም አልተቸገረችም፤ አንባቢዋም ሁሉን በዓይኑ ያየው ነበርና። ከመቶ ዓመት በኋላ ለተነሣ አንባቢ ግን ያ ዓለም ጠፍቷል። ጆርጄት የጠፋውን ዓለም ከደብዳቤ፣ ከጋዜጣ፣ ከሂሳብ ደብተርና ከመንገድ ካርታ እየለቀመች እንደገና መሥራት ነበረባት። ይሁን እንጂ ያገኘችውን ሁሉ በአንባቢው ራስ ላይ አላፈሰሰችም። ጠበብት ነኝ የሚል ጸሐፊ ያነበበውን ሁሉ ለማሳየት ሲጣደፍ፣ እርሷ ዓመቱን እንኳ በግልጽ ሳትጽፍ አንባቢው በወሬውና በልብሱ ብቻ ዘመኑን እንዲያውቅ ታደርገዋለች።

ከ1942 እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ የኖረችው ሎንዶን ውስጥ ኦልባኒ በሚባለው ጥንታዊ ሕንፃ ነበር። ባለቅኔው ሎርድ ባይረን በእንደራሴው ዘመን በዚሁ ሕንፃ ተቀምጦ ነበር። መጻሕፍቷ በሰፊው ይሸጡ የነበሩ ቢሆንም ጋዜጠኞች እንዲያነጋግሯት አትፈቅድም ነበር። የቤቷን ኑሮ ከሥራዋ አጥብቃ ስለ ለየች፣ ከአንባቢዎቿ ብዙዎቹ የባሏን ስም ያወቁት ከሞተች በኋላ በወጣው የጋዜጣ ዜና ነው።

ክብሯንም የምትጠብቀው በዝምታ ነበር። በ1940 ዓ.ም. ዕዳ ለመክፈል ስትል የሦስት መጻሕፍቷን መብት ለአሳታሚዋ በ750 ፓውንድ ሸጠች። መጻሕፍቱ ከዚያ በኋላ ከፍ ያለ ገንዘብ ማስገኘታቸውን የተመለከተ፣ በማተሚያው ድርጅት የነበረ አንድ ወዳጇ መብቱን በዚያው በተሸጠበት ዋጋ ሊመልስላት ጠየቃት። እርሷ ግን ቃሌን ሰጥቻለሁ ብላ እምቢ አለች። እንዲሁም በ1950 ዓ.ም. የአንዲት ሌላ ደራሲ መጻሕፍት ከእርሷ የተቀዱ እንደሚመስሉ አንባቢ ባስታወቃት ጊዜ፣ የተመሳሰሉትን ስሞች፣ ሁኔታዎችና የዘመኑን አነጋገሮች አንድ በአንድ ጽፋ አቀረበች። እጅግ ያሳዘናት ስሞቿ መወሰዳቸው ብቻ አልነበረም፤ እርሷ በብዙ ድካም ያጠናችው ታሪክ በስሕተት ተበላሽቶ መቅረቡ ነበር። ነገሩ ግን ከፍርድ ቤት አልደረሰም።

ከአንባቢዎቿ ከደረሷት ብዙ ደብዳቤዎች መካከል አስቀምጣ የተገኘችው አንዱን ብቻ እንደ ሆነ የሕይወት ታሪኳን የጻፉ ሰዎች ይናገራሉ። ደብዳቤውን የጻፈችው በሩማንያ አገር በፖለቲካ ምክንያት አሥራ ሁለት ዓመት ታስራ የነበረች ሴት ናት። ይህች ሴት በ1944 ዓ.ም. የታተመውን «የዓርብ ልጅ» የተባለውን የጆርጄትን ልብ ወለድ አንብባው ስለ ነበር፣ ታሪኩን እየደጋገመች በመተረክ የራሷንና የእስር ጓደኞቿን አእምሮ ከመታወክ እንደ ጠበቀች ገለጸችላት። መጽሐፉ ስለ ችኩል ጋብቻ የሚናገር አስቂኝ ታሪክ ነው። ልብ ወለድ ጊዜን ማባከን ነው ለሚሉት ሰዎች ከዚህ የተሻለ መልስ መስጠት አንችልም፤ የእስረኛዋ ጊዜ በዚያ መጽሐፍ አልባከነም፣ ዳነ እንጂ።

ይህን ስንል ግን ነቀፋ የለባትም ማለታችን አይደለም። የጻፈችለት ዓለም ጠባብ ነው፤ ባለ ማዕርጎችና ባለ ርስቶች እንደ ልብ ይናገሩበታል፣ አራሹና የፋብሪካው ሠራተኛ ግን ድምፃቸው እምብዛም አይሰማም። በ1950 ዓ.ም. በወጣው «ታላቋ ሶፊ» በተባለው መጽሐፍ ውስጥ አንድ አይሁዳዊ አራጣ አበዳሪ የተሣለበት መልክ በወገን ጥላቻ የተሞላ ነው። ያውም የአውሮፓ አይሁዶች ከደረሰባቸው እልቂት በኋላ ይህን መጻፏ አንባቢዎቿን እስከ ዛሬ ያሳዝናል። የሻማን ዋጋ ለማረጋገጥ ያን ያህል የደከመች ሴት፣ ስለ ሰው ወገን የወረሰችውን አሮጌ አስተያየት ለመመርመር አለመድከሟ ለእኛም ማስጠንቀቂያ ሊሆነን ይገባል።

በሕይወቷ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነውን ነገር በመጨረሻ እናነሣለን። ጆርጄት ራሷ የእንደራሴውን ዘመን መጻሕፍቷን እንደ ታላቅ ሥራ አትቆጥራቸውም ነበር። ልቧ የነበረው በመካከለኛው ዘመን ታሪክ ላይ ነው። በ1950 ዓ.ም. ከ1393 እስከ 1435 ዓ.ም. ያለውን የላንካስተር ነገሥታት ቤት ታሪክ በሦስት ክፍል ለመጻፍ ጀመረች፤ ሥራውን በአምስት ዓመት እንደምትፈጽመው ገምታ ነበር። የታሪኩ ዋና ሰው የንጉሥ ሄንሪ ኀምሳዊ ወንድም፣ የቤድፎርድ መስፍን ጆን ነው። ነገር ግን በአንድ በኩል የመንግሥት ግብር፣ በሌላ በኩል አዲስ የፍቅር ታሪክ የሚጠይቁ አንባቢዎች አላሳርፍ አሏት። አንድ ምዕራፍ ስትጽፍ የግብር ወረቀት ይመጣል፤ ታላቁን ሥራ አቋርጣ ፈጥኖ የሚሸጠውን ትጽፋለች፤ ተመልሳ ስትጀምር ሌላ ዕዳ ይደርሳል። እንዲህ እያለች 24 ዓመት አለፈ።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ይላል ተረታችን። የጆርጄት ዕጣ ግን የዚህ ተቃራኒ ሆነ፤ የብብቷን እንዳይወድቅ አጥብቃ ስለ ያዘች የቆጡን ሳታወርደው ቀረች። በሐምሌ 4 ቀን 1974 ዓ.ም. በሳንባ ካንሰር በ71 ዓመቷ ስትሞት፣ ከሦስቱ ክፍል የተጻፈው የመጀመሪያው ብቻ ነበር። እርሱም «ጌታዬ ጆን» በሚል ርእስ በ1975 ዓ.ም. ታተመ፤ ታሪኩም በ1413 ዓ.ም. ላይ ይቆማል። መስፍኑ ጆን ገና ሕፃን ለነበረው የወንድማቸው ልጅ የፈረንሳይ እንደራሴ የሆኑት ግን በ1422 ዓ.ም. ነው። ስለ አንድ እንደራሴ ዘመን በመጻፍ የታወቀችው ደራሲ፣ እጅግ የምትወደውን ሌላውን እንደራሴ ከሹመቱ ሳታደርሰው ሞተች።

ታዲያ ሕይወቷ በከንቱ አለፈ እንበልን? በሞተች ጊዜ ከመጻሕፍቷ 48ቱ ገና በገበያ ላይ ነበሩ፤ ለታመመው ወንድሟ የፈጠረችው የመጀመሪያው ታሪክም ከእነርሱ አንዱ ነበር። እርሷ በከፈተችው መንገድ ብዙ ደራሲዎች ተከትለዋት፣ የእንደራሴው ዘመን የፍቅር ታሪክ ራሱን የቻለ የድርሰት ዓይነት ሆነ። በ2015 ዓ.ም. በዊምብልደን በተወለደችበት ቤት ላይ የመታሰቢያ ጽላት ተተከለላት። ታላቅ ይሆናል ያለችው ሥራ ሳይፈጸም ሲቀር፣ ትንሽ ነው ያለችው ሥራ ስሟን አቆመላት ማለት ነው።

እኛ ቀን በመሥሪያ ቤት ውለን ማታ ወረቀት የምንዘረጋ ሰዎች ይህን ታሪክ ስናነብ ሁለት ነገር ይሰማናል። አንደኛው ፍርሃት ነው፤ ነገ እጽፈዋለሁ ብለን ያቆየነው ሥራ እንደ መስፍኑ ጆን ታሪክ በመካከል ተቋርጦ እንዳይቀር እንሠጋለን። ሁለተኛው ግን መጽናናት ነው። ሰው የሚወደውን ሥራ ሁልጊዜ ለመሥራት አይታደልም፤ ለእንጀራው የሚሠራውን ሥራ በታማኝነት መሥራት ግን በእጁ ነው። ጆርጄት ሄየር ለዕዳ መክፈያ በጻፈችው መጽሐፍ እንኳ የሻማውን ዋጋ ሳታጣራ አላለፈችም። ከሥራዎቿ የትኛው ትልቅ፣ የትኛው ትንሽ እንደ ሆነ ግን የፈረደው ከእርሷ በኋላ የመጣው አንባቢ ነው።